የአሚልካር ቀኝ እጅ

ዋልዲር ኪንቴላን «ጥሩምባ» ያሉት ሰዎች አልተሳሳቱም። እኛ ሰፈር፣ ቪላ ማቲልዴ፣ እሁድ ኳስ ሲያይ ጎል የገባ እንደሆነ መንገዱ ጥግ ድረስ ያለ ሰው ቴሌቪዥን አያስፈልገውም ነበር። እግዜር ድምፅ ሲያድል ለሱ ደርቦ ሰጥቶታል፤ እሱም ያንኑ ድምፅ እየሸጠ ኖረ። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ሳኦ ፓውሎ መሃል ከተማ፣ የወለድ ገበያው አዳራሽ ውስጥ፣ ወንዶች ትከሻ ለትከሻ እየተጋፉ በሚጮሁበት ክብ መሃል ቆሞ ለአንድ ባንክ ጮኸ። ሰው ይህን ሥራ ሲሰማ ይስቃል። ጩኸት ደግሞ ሥራ ነው እንዴ? ነው እንጂ፤ ያውም ጉሮሮ የሚያደማ ሥራ።

ሚስቱ ኤዲሌኒም መጀመሪያ ስቃለች። እሷ ምሳ አብስላ በየሳህኑ እየቋጠረች ለጋራዥ ሠራተኞች ትሸጣለች። አንድ ቀን ድስቷን እያማሰለች ጠየቀችው።

«ቆይ፣ ባንክ የሚያህል ነገር ምን አስፈርቶት ነው አንተን የሚያስጮህህ?»

«ለጋራዡ የምሳውን ዋጋ ለዓመት ቆርጠሽ የለ?»

«ቆርጫለሁ።»

«ቦሎቄውንስ በስንት ነው የምትገዢው?»

«በየጠዋቱ ነዋ፣ በዕለቱ ዋጋ።»

«ነገ ቦሎቄ እጥፍ ቢሆንስ?»

«አፈር እበላለኋ!»

«ባንኩም እንዳንቺው ነው። ለሰው ማቀዝቀዣ መግዣ ብሎ ለሦስት ዓመት በተቆረጠ ወለድ ያበድራል። ያን ገንዘብ እሱ ራሱ የሚበደረው ግን በየቀኑ፣ በዕለቱ ወለድ ነው። የዕለቱ ወለድ ከጨመረ አለቀለት። ስለዚህ እኔን ይልከኛል። እኔ ክቡ ውስጥ ገብቼ የተገላቢጦሹን የሚፈራ ሰው እፈልጋለሁ፤ ወለድ እንዳይቀንስበት የሚሰጋ። ከሱ ጋር እንዋዋላለን። ወለድ ከጨመረ አንተ ለኛ ትከፍላለህ፣ ከቀነሰ እኛ እንከፍልሃለን። በቃ፣ ባንኩ ተኝቶ ያድራል።»

«ለኔስ ማን ይዋዋልልኛል?»

«ላንቺ እኔ አለሁልሽ።»

«አዬ! እንግዲያው ጦሜን ማደሬ ነው» አለችና በጭልፋው ትከሻውን መታ አደረገችው።

ያን ጊዜ ቤታቸው ሳቅ ነበረበት።

ክቡ ውስጥ ግን ዋልዲር ብቻውን ምንም አልነበረም። የባንኩ ትእዛዝ የሚመጣው በስልክ ነው፤ ስልኮቹ ያሉት ደግሞ ከክቡ ውጭ፣ ግድግዳው ጥግ ነው። በዚያ ጩኸት መሃል እንኳን የሰው ድምፅ መብረቅ ቢወርድ አይሰማም። ስለዚህ ስልኩን የሚያነሣው ሰው ትእዛዙን ለጯሂው በእጁ ያሳያል። መዳፍ ወደ ደረት ከሆነ ግዛ ነው፤ መዳፍ ወደ ውጭ ከሆነ ሽጥ። ጣት ደግሞ ስንት እንደሆነ ይናገራል። የዋልዲር የስልክ ሰው አሚልካር ፎንቶራ ይባላል፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው። አሥራ አምስት ዓመት አብረው ሲሠሩ አንዱ የሌላውን ቅንድብ ሳይቀር ማንበብ ችለው ነበር። ዋልዲር ሴት ልጁ ዡሴሊያ ስትወለድ ክርስትና እንዲያነሣለት የለመነው እሱን ነው። ከዚያ ወዲያ በስም መጠራራት ቀረ፤ «አበልጄ» «አበልጄ» ሆነ። ዡሴሊያም መናገር ከጀመረችበት ጊዜ አንስቶ፣ እዚያ አገር ወግ እንደሆነው፣ የክርስትና አባቷን ባየች ቁጥር «ይባርኩኝ» ብላ ቀኝ እጁን ትስማለች፤ እሱም «እግዜር ይባርክሽ» ይላል።

እንግዲህ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሁለት ሲገባ ክፉው ነገር መጣ። የባንኩ የገንዘብ ክፍል አለቃ ዶክተር ፋብሪሲዮ፣ ጢሙ ገና በወጉ ያልወጣ ጎረምሳ፣ ሁለቱን ጠርቶ አንድ ትንሽ የጆሮ ስልክ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ገመድ የለውም። ጯሂው ጆሮው ላይ ሰክቶት ክቡ መሃል እንደቆመ ትእዛዙን ከፎቅ ላይ መስማት ይችላል።

«ከካርኒቫል በዓል በኋላ አንድ ሰው ይበቃናል» አለ ዶክተሩ። «ማን እንደሚቀር እስከዚያ እናያለን።»

ሲወጡ አሚልካር «አበልጄ፣ አንተ ቅር። ድምፅህን እኔ ከየት አመጣለሁ?» አለው።

«ተው እባክህ! አንተ ደብዳቤ መጻፍ ታውቃለህ፣ መንጃ ፈቃድ አለህ...»

«ለዚሁ ነው የምልህ። እኔ ሌላ ሥራ አላጣም።»

ዋልዲር ሳቀ እንጂ ፈርቶ ነበር። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። ከመጮህ በስተቀር አንዳች ነገር አያውቅም። ከዚያ ክብ ከወጣ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም፤ ይህን ደግሞ ለማንም አልተናገረም፤ ለኤዲሌኒም።

በዚያው ወር ገበያው ራሱ ሌላ ጣጣ አመጣ። እስከዚያ ድረስ ክቡ ውስጥ የሚጠራው ቁጥር የአንድ የብድር ወረቀት ዋጋ ነበር። ወለድ ሲጨምር የወረቀቱ ዋጋ ይወርዳል። ስለዚህ ወለድ ይጨምርብኛል ብሎ የፈራ ባንክ ይሸጥ ነበር። አሁን ግን «የወረቀቱን ዋጋ ተዉት፣ ወለዱን ራሱን ጥሩ» ተባለ። ወለዱ ራሱ ከተጠራ የፈራ ሰው የሚያደርገው ምንድን ነው? ይገዛል! ያው ፍርሃት፣ ያው ውል፣ እጁ ግን ተገለበጠ። ሃያ ዓመት ሲሸጥ የኖረ ሰው በአንድ ሰኞ ገዢ ሁን ተባለ።

ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሹ ተከፍቶ በባዶ ተለማመዱ። የማይሳሳት አልነበረም፤ እየተሳሳቱ ይሳሳቁ ነበር። ብዙዎቹ መዳፋቸው ላይ በእስክሪብቶ «ፍርሃት = ግዛ» ብለው ጻፉ። አሚልካርም ጻፈ። ዋልዲር ግን አልጻፈም።

«አበልጄ፣ ጻፍ እንጂ» አለው አሚልካር።

«ምን፣ ተማሪ ነኝ? እጄ ያውቃል።»

አይ ኩራት! አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የሱ ራስ ደግሞ ያኔ ተመልጦ አልቆ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ከጎረቤት አገር አርጀንቲና፣ ከቦነስ አይረስ መጥፎ ወሬ የመጣ ዕለት፣ ክቡ ታመሰ። ወለድ ሊሰቀል ነው ተባለ። ሁሉም ይጮሃል፣ ሁሉም ይገፋል። አሚልካር ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ሁለት ጊዜ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ቀኝ እጁን ከፍ አደረገ። መዳፉ ወደ ደረቱ። ሁለት ጣት፣ ቀጥሎ ጭብጥ። ግዛ፣ ሁለት ሺህ ውል።

ዋልዲር አይቷል። ልብ በሉልኝ፣ አጥርቶ አይቷል! ግን ሃያ ዓመት የኖረበት ነገር ከውስጥ ተነሥቶ ያዘው። ወለድ ሊጨምር ነው፤ ባንኩ ፈርቷል፤ ባንኩ ሲፈራ እንሸጣለን። «ውይ አበልጄን፣ ተምታታበት» አለ በልቡ። «ዛሬ በገዛ እጁ ሊባረር ነው።» ሊያድነው ነው የፈለገው። ካርኒቫል ሁለት ሳምንት ቀርቶት፣ የሚፎካከረውን ሰው ከጥፋት ሊያወጣው ፈለገ፤ ይሄ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ። መዳፉን ወደ ውጭ ዘረጋና ያን ጥሩምባውን ነፋው።

«እሸጣለሁ! ሁለት ሺህ እሸጣለሁ!»

«የኔ ነው!» አለ ከወዲያ ማዶ፣ «ቄሱ» የሚሉት ወፍራም ጯሂ። «ሁለቱንም ሺህ!»

ክቡ ውስጥ የኔ ነው ከተባለ አለቀ፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ዋልዲር ወረቀቱን ጽፎ አስረከበና ወደ አሚልካር ዞሮ ጠቀሰው። አዳንኩህ ማለቱ ነው። አሚልካር ደግሞ ሌላኛው ስልክ ጮኾበት ፊቱን አዙሮ ስለነበር የሰማውም ያየውም ነገር የለም፤ ጥቅሻውን ሲያይ የታዘዘው የተፈጸመ መሰለውና አውራ ጣቱን አሳየው።

ከዚያ ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር መውጣት ጀመረ። ዋልዲር ግራ ገባው። ይህ ሁሉ ክፉ ወሬ እያለ ቁጥሩ መውረድ ሲገባው እንዴት ይወጣል? እንዲህ እያለ ሲያየው ድንገት ገባው። ቁጥሩ ወለዱ ነው። ወለዱ ራሱ ነው እየወጣ ያለው፤ እሱ ደግሞ ሸጧል። ባንኩን ከዝናብ አስጠልል ተብሎ ተልኮ ጣራውን ገፎ ነው የመጣው። ሰው እየገፈተረ ወደ ቄሱ ሮጠ።

«ቄሱ፣ ወንድሜ፣ ተሳስቻለሁ፣ እናፍርሰው።»

ዋጋው ንቅንቅ ከማለቱ በፊት ቢሆን ኖሮ ውል ይፈርስለት ነበር፤ ክቡ ውስጥ ያ ምሕረት ነበር። አሁን ግን ቁጥሩ ርቆ ሄዷል። ቄሱ ሰሌዳውን አየ፣ ዋልዲርን አየ።

«ኑዛዜ የምቀበለው እሁድ ነው፣ ልጄ» አለው። በዙሪያው የነበሩት ሳቁ።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱንም ፎቅ ላይ ወዳለው የመስተዋት ክፍል ጠሯቸው። ዶክተር ፋብሪሲዮ ፊቱ ኖራ መስሏል። ስልኮቹ ሁሉ ይቀዱ ስለነበር ድምፁን ከፍቶ አሰማቸው። የሱ የራሱ ድምፅ፦ «ሁለት ሺህ ግዛ፣ ቶሎ።» የአሚልካር ድምፅ ቀጠለ፦ «ሁለት ሺህ እገዛለሁ።» ጥርት ያለ ነው። ከዚያ በኋላ ጩኸት ብቻ።

«እዚህ ድረስ ትክክል ነው» አለ ዶክተሩ። «ከስልኩ እስከ ክቡ ባለው መንገድ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። እጅ ደግሞ አይቀዳም። ዋልዲር፣ ምን አሳየህ?»

ዋልዲር መስተዋቱን አሻግሮ ታች አዳራሹን አየ። ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ነው፤ ሰዎቹ እጃቸውን እያወዛወዙ ይጮሃሉ፣ ድምፃቸው ግን እዚህ አይደርስም። «ዶክተር፣ ጥፋቱ የኔ ነው» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ መጥቶ ነበር። ይህን በእርግጥ ነው የምላችሁ፤ መጥቶ ነበር። ከዚያ ግን ያ ለማንም ያልነገረው ፍርሃት ቀደመው። አርባ ስድስት ዓመት። ሌላ ሥራ የለም። እሱ መንጃ ፈቃድ አለው። እሱ ራሱ «አንተ ቅር» ብሎኛል።

«መዳፉ ወደ ውጭ ነበር» አለ።

አሚልካር ዞሮ አየው። ቁጣ የለበትም። ቀጥሎ የገዛ ቀኝ እጁን አነሣና ከፊት ከኋላ አገላብጦ አየው። መዳፉ ላይ የጻፈው ቀለም ግማሹ በላብ ጠፍቶ ነበር።

«ወደ ውጭ ነበር እንዴ፣ አበልጄ?»

እግዜር ሰውን አንዴ ብቻ ጠይቆ አይሄድም፤ ሁለተኛ ዕድል ሰጠው። በአሚልካር አፍ ጠየቀው። ያን ሰዓት አሚልካር በእጁ መተማመን ትቶ፣ የሚያምነው ሰው የሚለውን እየጠበቀ ነበር። ጥሩምባው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በሕይወቱ እንደዚያ ቀስ ብሎ ተናግሮ አያውቅም፣ «ወደ ውጭ ነበር» ሲል ደገመው።

«እንግዲያው ነበረ» አለ አሚልካር። ወደ ዶክተሩ ዞረ። «ዶክተር፣ ሰሞኑን እጃችን ሁላችንንም አምታቶናል። እኔ ያሳየሁት ትክክለኛውን ነበር የመሰለኝ። አበልጄ ካለ ግን እውነት ነው። የክርስትና ልጄ አባት ነው፤ በኔ ላይ አይዋሽም።»

ካርኒቫል አልተጠበቀም። አሚልካር የመሳቢያውን ቁልፍ አስረከበና ደረጃው ላይ ዋልዲርን አቅፎት አለቀሰ። «ይቅር በለኝ፣ አበልጄ» አለው። «አንተንም ይዤህ ልወድቅ ነበር። የልጄን እንጀራ ልነጥቅ ነበር።» ዋልዲር ጀርባውን መታ መታ አደረገው። ሌላ ምን ያድርግ? ሊያደርግ የሚገባውን ፎቅ ላይ ትቶት መጥቷል።

ማታ ኤዲሌኒ የሆነውን ስትሰማ ሳህኖቿን ማጠብ አቆመች።

«አሚልካር? አሚልካር ተሳሳተ?»

«ተሳሳተ።»

«ያ እጁ ላይ ሳይቀር የጻፈው ሰውዬ?»

«ተሳሳተ አልኩሽ እኮ!»

ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም። እሷ እጇን አደራርቃ አየችው። «የተገላቢጦሹን የሚፈራ ሰው እፈልጋለሁ ያልከኝ፣ ፍርሃትህን የሚከፍልልህ፣ ለካ አሚልካር ኖሯል» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አንዲት ቃል አልጠየቀችውም። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ረቡዕ ረቡዕ ለአሚልካር ሚስት ለኔውዛ ምሳ መላክ ጀመረች፤ ቦሎቄ፣ ሩዝ፣ የካሳቫ ዱቄት፣ ካለም ሥጋ። ሒሳብ ልክፈል ስትባል ትቆጣለች። ቤታቸው የነበረው ሳቅ የቀረው በዚያን ጊዜ ነው።

የጆሮ ስልኩ ለዋልዲር ተሰጠው። ሰባት ዓመት ሰክቶት ጮኸ። አሚልካር ሥራ አላጣም ያለው እንዲሁ ለማጽናናት ኖሯል፤ «ያ ባንክ ያባረረው» ተብሎ ስሙ ከፊቱ እየቀደመ ሁሉም በር ተዘጋበት። በመጨረሻ አንድ የመኪና ማቆሚያ ቦታ ዘበኛ ሆነ። ኔውዛ አንድ ቀን ለኤዲሌኒ ያጫወተቻት ነገር አለ። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዱ በፊት መስተዋት ፊት ይቆማል አለች። ቀኝ እጁን ያነሣል፣ መዳፉን ወደ ደረቱ ያደርጋል፣ ያያል። ወደ ውጭ ያደርጋል፣ ያያል። «የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?» ይላል። ኤዲሌኒ ይህን ለባሏ ነገረችው። እሱ ጋዜጣውን ገለጠ።

ቀጥሎ ክቡም ተዘጋ። ኮምፒዩተር መጣ፤ ባንኮቹ ፍርሃታቸውን አሁን ድምፅ በሌለው ስክሪን ላይ ይለዋወጣሉ። ጯሂዎቹ አንድ ዓርብ ተቃቅፈው ተላቅሰው ወጡ። ዋልዲር ያን ቦታ ለማቆየት ብሎ ያደረገውን እናውቃለን፤ ቦታው ራሱ አልቆየም። ጉሮሮው ተበላሽቶ ድምፁ ሻክሯል። ዛሬ የኤዲሌኒን ምሳ በጋሪ እየገፋ ለጋራዦቹ ያደርሳል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ውሸት ነው! ስንት ጠዋት ነጋ፣ ይህ አልጠራም።

ባለፈው እሁድ ዡሴሊያ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና አልፋ ድግስ ነበር። ጓደኞቿ እንደ ወጉ ፊቷን በቀለም ለቅልቀዋታል። አሚልካር ሸሚዙን ተኩሶ፣ የለስላሳ ጠርሙስ ታቅፎ ከኔውዛ ጋር መጣ። ልጅቷ ሮጣ ሄደች።

«ይባርኩኝ!»

ግራ እጁን ሰጣት። ስማ ሳትለቀው ቀና አለች።

«እኔ የምለው፣ ሁልጊዜ ግራዎን ነው የሚሰጡኝ። ትንሽ ሳለሁ ቀኝዎን ነበር የምስመው። ምነው?»

አሚልካር እንደ ልማዱ አፉን ሊሸፍን ቀኙን አነሣና መልሶ ኪሱ ከተተው።

«ይሄኛው አንድ ጊዜ ዋሽቷል፣ ልጄ» አላት። «የአባትሽን እንጀራ ሊያሳጣው ነበር። አባትሽ ይቅር ብሎኛል፤ አንድ ቀን እንኳ አንሥቶብኝ አያውቅም። ግን በዋሸ እጅ አይባረክም።»

ኤዲሌኒ ጭልፋውን እንደያዘች ባሏን አየችው። ጠበቀችው። ዡሴሊያም ባለቀለም ፊቷን ወደ አባቷ መለሰች፤ አባቷ ያን ያህል ደግ ሰው መሆኑን ገና ዛሬ መስማቷ ነው፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ዋልዲር አፉን ከፈተ። ሃያ ሰባት ዓመት አዳራሽ ያናወጠ አፍ ነው።

«ሩዙ እየቀዘቀዘ ነው» አለ። «ብሉ እንጂ።»

«እውነት ነው፣ አበልጄ» አለ አሚልካርና ሹካውን በግራ እጁ አነሣ።